የጀርመኑ ቀን እና የፊታውራሪ ችሎት

የዳሞት ሽማግሌዎች ሲቀባበሉት የኖሩት ጨዋታ ነው። በፊታውራሪ አንለይ ደጅ አያ ሽባባው የሚባል ጨዋታ አዋቂ ነበር። የሚበላው ከፊታውራሪ ማዕድ ነው፤ አንደበቱን ግን ማንም አብልቶ አልገዛውም። በዚያው ዘመን ወይዘሮ የሻሽወርቅ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት፣ ፊታውራሪ ድንበር ገፍተው መሬቷን ስለወሰዱባት ደጅ ትጠና ነበር። ዳኛውም ተከሳሹም እሳቸው ናቸውና ሁልጊዜ «ነገ ነይ» ነው መልሳቸው።

አንድ ቀን ሙሴ ኤርንስት የሚባል፣ አማርኛ የለመደ ጀርመናዊ ጠመንጃ አዳሽ ለምሳ ተጋበዘ። ፊታውራሪ ስለ አገሩ ሸንጎ ጠየቁት።

«ላንድታግ ይባላል» አለ። «ላንድ አገር ነው፤ ታግ ቀን።»

«ሸንጎን ምን ብላችሁ ቀን አላችሁት?»

«ጥንት ጌታው ቀን ይቆርጣል፤ ሰዉ በዚያ ቀን ይሰበሰባል። እየቆየ ስብሰባው ራሱ ቀን ተባለ።»

ነገሩ ፊታውራሪን ደስ አሰኛቸው። «አንተ ሽባባው፣ በዚህ ልማድ የኛ ችሎት ማን ይባል ነበር?»

አያ ሽባባው በበሩ በኩል ወይዘሮ የሻሽወርቅን አያት። ጉርሻውን ዋጠና፣

«ነገ» አለ።

ሳቁ ቢያሸማቅቃቸው ፊታውራሪ እዚያው ችሎት ተቀመጡ። ባለጉዳዩ ሁሉ መማለጃ በጉን እየጎተተ ግቢውን ሞላው። አጋፋሪው ጌታውን ደስ ሊያሰኝ ብሎ በጀርመኑ ዘበተ። «ሸንጎን ከቀን የማይለይ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?»

አያ ሽባባው የበጎቹ ጩኸት በረድ እስኪል ጠበቀና፣

«እኛስ ችሎትን ከበግ ገበያ መቼ ለየን» አለው።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ግን በግ የላትም። ባዶ እጇን ቀርባ፣ «ጌታዬ፣ መሬቴን» አለች። ፊታውራሪ እንዳልሰሙ ሆነው ወደ እንግዳቸው ዞሩ።

«እስቲ ንገረኝ ሙሴ፤ አገር ለብቻው፣ ቀን ለብቻው ያለ ቃል ነው። ሁለቱን እንዴት አንድ ታደርጓቸዋላችሁ?»

«በመካከላቸው ያለውን ክፍተት እናጠፋዋለን» አለ ጀርመኑ። «ከዚያ አንድ ናቸው።»

«ይህስ ለኔ አይገባኝም» አሉ ፊታውራሪ።

አያ ሽባባው የሚለውን ቢል ማዕዱ እንደሚቀርበት ያውቃል። ወይዘሮ የሻሽወርቅ የድንበር ድንጋይዋ በቦታው ተተክሎላት ወደ ቤቷ የገባችው ግን ያን ዕለት እሱ ብድግ ብሎ በተናገረው ነው ይባላል፦

«እንዴት አይገባዎትም ጌታዬ? እርስዎስ የሷንና የርስዎን መሬት አንድ ያደረጉት መካከሉን አጥፍተው አይደለም?»