ታቹ ያልታየው ሬንጅ

አንድ ታሪክ ልጽፍላችሁ ነው። አስቀድሜ ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደልም እስታለሁ። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት አልቀጠልኩም። ሰው ፊት ማውራት ስለማፍር ነው የጻፍኩት። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለሌላ ሰው ስጡት።

አንድ ሬንጅ አብሳይ ነበር። ስሙን ሸዋረጋ እንበለው። የሚኖረው በረሃ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሐኪም ቤቱ ያለው ደጋው ላይ ነው፤ ወደዚያ የሚያወጣውም አንድ ጠመዝማዛ ዳገት ብቻ ነው። የዳገቱ አስፋልት በሙቀት ወራት ይለሰልሳል። ከባድ መኪና ሲመላለስበት ይሰረጉድና እንደ ቦይ ይሆናል። በሽተኛ የጫነ መኪና እዚያ ሲደርስ ሰው ሁሉ ይጨነቅ ነበር።

በኋላ መንገዱን እንደ አዲስ የሚሠሩ ሰዎች መጡ። እነሱ ሬንጁን ባዶውን አያፈሱትም። ፖሊመር የሚባል፣ ሩዝ የሚመስል ነጭ ፍሬ ጨምረው ያበስሉታል። ፍሬው ሲሟሟ ሬንጁ የጎማ ጠባይ ይይዛል፤ ሲስቡት ይሳባል፣ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። እንዲህ ያለውን መንገድ ፀሐይ ቶሎ አያሸንፈውም። ግን ሬንጁ በሚበስልበት ታንከር ውስጥ ያለው ማማሰያ ከቆመ ፖሊመሩ ተለይቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ባዶው ሬንጅ ታች ይቀራል። የሸዋረጋ ሥራ ማማሰያው እንዳይቆም መጠበቅ ነበር።

ሥራውን ከልቡ ይወደው ነበር። ሚስቱ አበቡ ነፍሰ ጡር ናት፤ የምትወልደውም በሙቀቱ ወር ነው።

«ያንን ጥቁር ወጥህን ስታማስል ትውላለህ፤ የእኔን ሽሮ ጠብቅ ስትባል ግን ታሳርረዋለህ» እያለች ትስቅበታለች።

«ሽሮው ቢያር ጦማችንን እናድራለን። ያኛው ከተበላሸ አንቺ በምን ትወጫለሽ?» ይላታል።

ሥራው ብዙ ሰው ካለቀበት ከትልቁ መታጠፊያ ሲደርስ የከተማው ሰው በጣም ተደሰተ። ሰንጋ አረዱ፣ ዳስ ጣሉ። በምሳ ሰዓት አለቃው ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሸዋረጋን ሊወስዱት መጡ።

«ና እንጂ ሸዋረጋ! ምርቃቱ አንተን እየጠበቀ ነው» አለው አለቃው።

«እኔ እዚሁ ልቆይ። ማማሰያው ያለ ጠባቂ አይሠራም። ካጠፋሁት ደግሞ ይለያያል።»

«ሬንጁም እኮ ደክሞታል፤ ትንሽ ጋደም ይበል!» አለ አለቃው። አጠገቡ የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ ማዕዳችንን ንቀህ ነው? ለእናንተ ብለን ያረድነውን አትቀምስም?» አሉት።

በዚያ አገር የተዘጋጀለትን ማዕድ እንቢ ያለ ሰው ባለቤቱን እንደ ሰደበ ይቆጠራል። ሸዋረጋ አፈረ። ማማሰያውን አጥፍቶ ተከተላቸው። ሽማግሌው በእጃቸው አጎረሱት። ከዚያ ምርቃቱ ተጀመረ፣ ረዘመም። ሰው ሲመረቅ ተነሥቶ መሄድ ነውር ነው። ሸዋረጋ ዓይኑ ወደ ታንከሩ እየሄደ፣ አፉ ግን «አሜን» እያለ ተቀመጠ።

ሲመለስ ሬንጁን የሚጭኑት መኪናዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እንደገና ብዙ ማማሰል ያስፈልግ ነበር። አለቃው የታንከሩን ክዳን ከፈተ፤ ከላይ በዘንግ ጨልፎ ሳበው። ተሳበ። ለቀቀው። ተመለሰ።

«አየህ? አንተ እኮ እንዲሁ መስጋት ትወዳለህ። በል ልቀቀው!»

ሬንጁ ግን የሚፈሰው ከታንከሩ ግርጌ ባለው ቧንቧ ነው። ከግርጌ የቀዳ ሰው አልነበረም። ሸዋረጋ «ታቹንም እንየው» ሊል አፉን ከፈተ። ሁሉም ደስ ብሎታል። የሰው ደስታ ማደፍረስ ከበደውና ዝም አለ። መታጠፊያው በዚያ ሬንጅ ተሠራ። ተመርቆ ሲከፈት ከሌላው መንገድ አይለይም ነበር፤ ያብረቀርቅ ነበር።

የሙቀቱ ወር መጣ። አበቡን ምጥ ያዛት። ሸዋረጋ መኪና ለምኖ ይዟት ወጣ። አዲሱ መንገድ እንደ ምንጣፍ ነበር፤ እስከ መታጠፊያው ድረስ። እዚያ ሲደርሱ ጎማው በተሰረጎደው ቦይ ገባ፣ መኪናው ተንሸራቶ ከመንገዱ ዳር ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ሹፌሩና ሸዋረጋ ቢገፉት እንቢ አለ።

«ሸዋዬ፣ ደረስን?» አለች አበቡ ከኋላ።

«ደርሰናል። ትንሽ ናት የቀረችን» አላት።

ሕፃኗ እዚያው ተወለደች። ደሙ ግን አልቆም አለ። የሚጎትታቸው መኪና ሲመጣ አበቡ አልነበረችም።

ሸዋረጋ መንገዱ ላይ ተንበረከከ። የለሰለሰውን ሬንጅ በጣቱ ቆንጥሮ ሳበው። ቀጠነ፣ ቀጠነና ተበጠሰ። አልተመለሰም። «ታቹን ሳላይ! ታቹን ሳላይ!» እያለ አለቀሰ። ሹፌሩ ቢያነሳው አልነሳም አለ።

ከዚህ ታሪክ የተማርኩት ይህን ነው። አንዴ የተዋሃደ ነገር ሁልጊዜ ተዋህዶ የሚኖር ይመስለናል። ማማሰሉ ሲቆም ግን ቀስ ብሎ ይለያያል፤ ላዩ ደህና ስለሚመስል ማንም አያውቅም። ባልና ሚስትም፣ ጎረቤትም፣ አባትና ልጅም እንዲሁ ናቸው። ለይሉኝታ ብለን የዋጥናት አንዲት ቃል የሰው ሕይወት ልታስከፍል ትችላለች። እናንተስ ላዩን ብቻ አይታችሁ «ደህና ነው» ያላችሁት ሰው የለም?

ሸዋረጋ አሁን ሬንጅ አያበስልም። ሻይ ሲቀርብለት ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ያማስለዋል፤ እስኪቀዘቅዝ ያማስለዋል። ሻዩን የማቀርብለት እኔ ነኝ። «እናትሽ ታማ ነው የሞተችው» እያለ አሳደገኝ። እውነቱን የነገረኝ ሹፌሩ ነው። አባቴ የማላውቅ ይመስለዋል። አብረን እንበላለን፣ አብረን እንስቃለን፤ ላያችንን ያየ ሁሉ «እንዴት ያምራሉ» ይለናል። እኔ ግን ሁሉን እንደማውቅ፣ አንድም ቀን እንዳልተቀየምኩት ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእሱም።