ኮሎኔሉና የሚነዝረው ምድጃ

ኮሎኔል ዘውገ ጡረታ ቢወጡም ትእዛዝ መስጠት አልተዉም። ወጥ ቤታቸው ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ የነካውን ሁሉ ይነዝራል። ወጥ ሠሪያቸው ደጋግማ ብትነግራቸውም «ፈሪ ስለሆንሽ ነው» እያሉ ያልፏታል። እሷም ደረቅ ጣውላ ላይ ቆማ፣ በእንጨት እያማሰለች ትሠራ ነበር።

አንድ እሑድ የድሮ የጦር ጓደኞቻቸውን ምሳ ጠሩ። ሴትዮዋ የድስቱን ክዳን ልታነሳ ስትል ምድጃው እስከ ትከሻዋ ነዘራት። ክዳኑን ወርውራ፣ «ካልተሠራ አልነካውም» ብላ በረንዳ ላይ ቁጭ አለች።

ኮሎኔሉ ሳሎን አስጠሯት።

«እኔ አናቴ ላይ መድፍ ሲያጓራ ዐይኔን አልጨፈንኩም። አንቺ ምድጃ ትፈሪያለሽ? ወይ ሄደሽ ወጡን አውጪ፣ ወይ ከቤቴ ውጪ።»

እንግዶቹ ሳቁ። የሴትዮዋ ክንድ ገና እንደደነዘዘ ነበር፤ ምላሷ ግን ደህና ነው።

«ጋሼ» አለች፣ «እርስዎ የተኮሰብዎትን መልሰው ይተኩሱበት ነበር። እኔ የሚመታኝን በየቀኑ ወልውዬ፣ አጥቤ፣ ምሳ እሠራበታለሁ። እስቲ ለእንግዶቹ ይንገሯቸው፤ ከሁለታችን ፈሪው ማን ነው?»

የዚያን ቀን ኮሎኔሉና እንግዶቻቸው ኤሌክትሪክ ሠራተኛው እስኪመጣ ድረስ ደረቅ ዳቦ እየገመጡ ጠበቁ።