አንበሳው ያልተሰማው ፍም

አንድ ጊዜ አንድ አንበሳ ከሚጥለው ግዳይ ሁሉ እኩሌታውን ለቀበሮ ይከፍል ነበር። ጎሽ ቢጥል የጎሹን ግማሽ፣ ድኩላ ቢጥል የድኩላውን ግማሽ፣ ከጉበቱም ከኩላሊቱም ሳያጎድል ያስረክባት ነበር። ቀበሮ አላሳደደችም፣ አላደፈጠችም፤ የምትሸጥለት ዝምታዋን ብቻ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በበጋ ነው። የዱሩ ሣር ተቃጥሎ እሳቱ ሲበርድ አያ አንበሶ ግዛቱን ሊያይ ወጣ። ጉብታ ላይ ቆሞ ሩቅ ሩቁን ሲመለከት፣ አያ ጅቦ አፍንጫውን ሽቅብ ሰቅሎ ለሃጩን እያዝረበረበ መጣ። ጥብስ ሸቶታል። የማን ጥብስ እንደሆነ ባያውቅም ድርሻው እንዲቀመጥለት አስቀድሞ ተናገረና ድንጋዩን ሁሉ እየገለበጠ ይፈልግ ጀመር። ተከትላው የመጣችው ቀበሮ ግን አንድም ድንጋይ አልነካችም። ዓይኗን ወደ አንበሳው እግር ጣል አደረገች። የቀኝ የፊት መዳፉ ፍም ላይ ቆሟል፤ ጢሱ በጣቶቹ መሀል ይወጣል፤ ጌታው ግን አሁንም ሩቁን ያያል።

«አያ አንበሶ፣» አለችው በለሆሳስ፣ «እግርዎ እየተጠበሰ ነው።»

አንበሳው ወደ ታች አየና መዳፉን አነሣ። ምንም አልተሰማውም። ከወራት በፊት ክንዱ ላይ አንዲት የነጣች ቦታ አይቶ ነበር። ዝንብ ሲያርፍባት አታሳክከውም፣ እሾህ ሲወጋት አታመውም። የሥጋ ደዌ እንደሆነ ልቡ ነግሮት ነበር፤ እሱ ግን ጭቃ ቀብቶ ሸፈናትና እንዳላየ ሆነ።

ደዌው የታየበት አውሬ ሁሉ ወደ ገደሉ ሥር ይውረድ፣ ተመልሶም አይውጣ ብሎ ያወጀው ራሱ አንበሳው ነው። መጀመሪያ የተባረረችው እመት አህዪት ነበረች። ስትባረር የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሌሎቹ ጠጥተው ሲሄዱ፣ ከወንዙ ውሃ እንድትጎነጭ። ያንንም ከልክሏታል።

ቀበሮ ይህን ሕግ ታውቃለች። አልፎከረችም፣ አላስፈራራችም። ዘውድ ከባድ ሸክም እንደሆነ፣ ሸክምም ረዳት እንደሚሻ፣ ለእሷ ለረዳቲቱ ደግሞ እኩሌታው እንደሚበቃት በትሕትና አስረዳችው። ተስማማ። አያ ጅቦ ያን ጊዜም ጥብሱን እየፈለገ ነበር።

ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ የቀበሮ ድርሻ ከእኩሌታ ወደ ሁለት እጅ አደገ። የአንበሳው ቤት በቀረችው ሲሶ ያድር ጀመር። ደቦሎቹ ከስተው የጎድን አጥንታቸው ሲታይ፣ ሚስቱ አንበሲት ሥጋው የት እንደሚሄድ ጠየቀችው። ለድሆች እንደሚመጸውት ነገራት።

«ድሆቹ ወፍረዋል፣» አለችው፣ «ቀበሮን ትናንት አየኋት።»

አንበሳው መዳፉን ወደ ሥሩ ሰበሰበ። መዳፉን እንዳታይበት ከእሷ ርቆ መተኛት ከጀመረ ሰንብቷል። እግሩ ስለማያመው ይሮጥበታል፤ ስለሚሮጥበት ቁስሉ ይሰፋል፤ ቁስሉ እንዳይታይ ጭቃ ይመርግበታል፤ ከጭቃው ሥር ደግሞ ሥጋው ይበሰብሳል። በዚህ ዓይነት ሁለት ጣት አጣ። በመጨረሻም ቀበሮ ግዳዩን ሙሉ በሙሉ ጠየቀችው። እምቢ ቢላት ከዙፋኑ ይወርዳል፤ እሺ ቢላት ልጆቹ በረሃብ ያልቃሉ። ቢቸግረው የሚጣልበትን ጉድጓድ አስቀድሞ ሊያየው ተነሣ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በቀጭኗ መንገድ ወደ ገደሉ ሥር ወረደ። አጥንትና ዋይታ ነበር የጠበቀው። ያገኘው ግን እሾህ የተለቀመለት መንገድ፣ በድንጋይ የተከበበ ምንጭ፣ ከምንጩም አጠገብ ክብ ሠርተው የተቀመጡ አውሬዎች ነው። ከርከሮው እግሩን አንሥቶ ለዝንጀሮዋ ይሰጣል። ዝንጀሮዋ በጎደሉ ጣቶቿ ይዛ፣ አገላብጣ፣ የሰኮናውን ስንጥቅ ሳይቀር ታያለች። ከዚያ የራሷን እግር ለሚዳቋዋ ትዘረጋለች፤ ሚዳቋዋ ለአህያዋ። ክቡ ዞሮ እስኪገጥም ድረስ ሳይታይ የቀረ አንድ እግር አልነበረም።

አንበሳው በዘመኑ በስንት ጉባኤ ተቀምጧል፤ ስንት አውሬ ፊቱ ሲንበረከክ አይቷል። እንዲህ ያለ ነገር ግን አይቶ አያውቅም። ሕመም የማያውቅ እግር በባልንጀራው ዓይን ይጠበቅ ነበር። ያ ሁሉ አውሬ የሚፈራው ጌታ ከቁጥቋጦ ጀርባ ቆሞ፣ እንደ እንግዳ፣ ይግባ አይግባ ማወቅ አቃተው።

እመት አህዪት ቀና ስትል አየችው። ሌሎቹ ሊበተኑ ብድግ አሉ፤ እሷ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም።

«ልትበላኝ ከሆነ ፈጠን በል፤ ካልሆነ ቁጭ በልና እግርህን አምጣ።»

አንበሳው ቁጭ አለ። መዳፉን ለአህያ ሰጠ። ጭቃውን በምንጩ ውሃ አጠበችለት፣ ቁስሉን ገለጥ አድርጋ አየች፣ ከውስጡም ረጅም የግራር እሾህ በጥርሷ ስባ አወጣች። ከክረምት ጀምሮ ተሸክሞት ኖሯል። እሾሁን በዓይኑ አየው እንጂ ሲወጣ አልተሰማውም። እንባው ዱብ ያለው አሞት ሳይሆን ስላላመመው ነው።

«ያባረርኩሽ እኔ ነኝ፣» አላት።

«አውቃለሁ። ቂሜን እንቁጠር ካልን ይነጋብናል። ሌላኛውን እግር አምጣ።»

እግሮቹን እያየች የምታውቀውን ነገረችው። ሽመላ ከሰዎች ጤና ጣቢያ መራራ ኪኒን እያመጣች እንደምታድላቸው፣ ለወራት ሳያቋርጡ ለዋጡት ደዌው ድራሹ እንደሚጠፋ፣ መድኃኒቱን የጀመረም ወደ ሌላው እንደማያስተላልፍ አጫወተችው። የተቆረጠ ጣት ግን አይበቅልም፤ የደነዘዘውም እግር እንደ ደነዘዘ ይቀራል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚያይለት ዓይን ያስፈልገዋል። እነሱ ከደዌው ከዳኑ ቆይተዋል፤ ወደ ላይ እንዳይወጡ የያዛቸው ደዌው ሳይሆን ሕጉ ነው።

በማግስቱ አንበሳው አውሬዎቹን ሁሉ በሾላው ሥር ሰበሰበ። መዳፉን አንሥቶ ነጩን ቦታ፣ ቁስሉን፣ የጎደሉትን ጣቶች አሳያቸው። ጉባኤው ወደ ኋላ ተሸማቀቀ። አያ ጅቦ ብቻ ባለበት ቆሞ ሲያስብ ቆየና፣

«ታዲያ ያን ቀን የሸተተኝ ጥብስ አንተ ነበርክ?» አለ። «እኔ እኮ ድርሻዬን ስፈልግ ከረምኩ።»

ቀበሮ ዝምታዋ ገዢ እንዳጣ ወዲያው ገባት። ስለዚህ ሌላ ነገር ይዛ ቀረበች፤ ሕጉን ለጉባኤው አስታወሰች፣ ሕግ ደግሞ ለትልቅ ለትንሽ እንደማይል እያዘነች ተናገረች። ከአንበሳው ቀጥሎ ማን ዙፋኑ ላይ ሊቀመጥ እንደሚችል ዓይኗ ይናገር ነበር።

«እውነቷን ነው፣» አለ አንበሳው። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የሚሰበረውም በእኔ መሆን የለበትም።»

ይህን ብሎ ጉባኤውን ትቶ እያነከሰ ወደ ገደሉ ወረደ። አውሬዎቹ በአፋፉ ተደርድረው ቁልቁል ተመለከቱ። አመሻሽ ላይ ክቡ ተሠራ፤ አንበሳው መራራውን ኪኒን ውጦ በከርከሮና በአህያ መሀል ተቀመጠ። ያን ጊዜ አንበሲት ደቦሎቿን አስከትላ ወረደች። ባሏን አልወቀሰችም፣ አላለቀሰችም። ከክቡ ገብታ መዳፉን አነሣችና ጣት በጣት አየችው።

ከእሷ ቀጥሎ የወረደው አያ ጅቦ ነው። ያ ሁሉ አውሬ ክብ ሠርቶ የተቀመጠው ለግብር መስሎት ነበር። የሚበላ አላገኘም፤ የዝንጀሮዋን እግር ሰጡትና እንዲያይ ነገሩት። ግራ እየገባው አየላት። በማግስቱም ምናልባት ምግቡ ዘግይቶ ይሆናል ብሎ ተመለሰ፤ እንዲህ እያለ ወራት አለፉ፤ ከፀጉሩ አንዲት አልነጣችም። ሌሎቹም ይህን እያዩ፣ መጀመሪያ አንድ አንድ፣ በኋላ በመንጋ መውረድ ጀመሩ። የገደሉ ሥር አውሬዎችም ወደ ወንዙ ወጡ። ሕጉን የሻረው አዋጅ አልነበረም፤ የሚጠብቀው ጠፍቶ ሞተ።

ሂሳቡ ሲዘጋ እንዲህ ሆነ። አንበሳው ሁለት ጣትና የአንድ ዓመት ግዳይ ከስሯል፤ የቀሩትን ጣቶች፣ የሚስቱን ዓይን፣ የልጆቹን ጥጋብ አትርፏል። ቀበሮ የምትሸጠው ሲያልቅባት አይጥ ማሳደድ ጀመረች። አያ ጅቦ ጥብሱን ሳያገኝ ቀረ። የእመት አህዪት ዓመታት ግን ለብቻቸው ተቆጠሩ፤ ያንን ኪሳራ አንበሳውም ሆነ ሌላ ማንም ሊከፍላት አልቻለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ደዌ የሚወስድብን ጣት ቢሆን፣ ደዌን ስንደብቅና ደዌ ያገኘውን ስናርቅ የምንከፍለው ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ ነው።