ሰማያዊው ወንበርና የእትዬ ውድነሽ ጉትቻ

ተቀመጡ። ግን ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ፤ መጀመሪያ ወንበሩን በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉት፤ ወገብን አምኖ መስጠት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ተረቱ ራሱ ይነግራችኋል።

በአንዲት ከተማ፣ ወፍጮ ሰፈር በሚባል ሰፈር፣ እትዬ ውድነሽ የሚባሉ ሞላ ያሉ፣ ደርበብ ያሉ ሴት ይኖሩ ነበር። በዚያች ከተማ ደግሞ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ነበረ። አንድ ስል አንድ ዓይነት ማለቴ ነው እንጂ ብዛቱንስ የሠራው ፋብሪካም አያውቀው። ድንኳን ውስጥ እሱ፣ ጤና ጣቢያ እሱ፣ ፀጉር ቤት እሱ፣ ቀበሌ እሱ። ለመሸከም ይቀላል፣ ይደራረባል፣ ዝናብም አይፈራም። የሚፈራው ሰው ብቻ ነው። ሰው ሲቀመጥበት የኋላ እግሮቹ ቀስ ብለው ይከፈቱና እንግዳውን መሬት ላይ አስቀምጠው እሱ ጎኑ ይጋደማል።

እትዬ ውድነሽም በጎረቤት ልጅ የምርቃት ድግስ ላይ ሳህናቸውን እንደያዙ ከዚሁ ወንበር ወደቁ። ድንኳን ሙሉ ሰው ዞር አለ። እሳቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ጉትቻዬ ወድቆብኝ ነው» አሉና መሬቱን ይዳብሱ ጀመር። እንግዳው ሁሉ ምግቡን ትቶ ጉትቻ ፍለጋ ገባ። ተመራቂው ከነካባው ከጠረጴዛ ሥር ተንፏቀቀ። ሁለቱም ጉትቻዎች በእትዬ ውድነሽ ጆሮዎች ላይ ተንጠልጥለው ያብረቀርቁ ነበር። ይህን ያየ ሰው አልጠፋም፤ ያየው ግን ጨዋ ነበርና ዝም አለ። ነገሩም ተረስቶ ቀረ፤ ወይም የተረሳ መሰለ።

ታዲያ ልጃቸው ምንትዋብ ልትወልድ እናቷ ቤት መጣች። ሆዷ ገፍቷል። ከግቢው ጥላ ሥር ሰማያዊውን ወንበር ሳብ አድርጋ ልትቀመጥ ስትል እናቷ ከጓዳ እየሮጡ መጥተው ከሥሯ መነተፉት። ምነው ብትላቸው ፀሐይ ላይ ስለዋለ ያቃጥላል አሏት። በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ደመና ለብሶ ሳለም ያቃጥላል አሏት። ቤት ውስጥስ ይሁን፣ አልጋ አለ። ጤና ጣቢያ ወረፋ ስትጠብቅ ግን ከሰማያዊው ሌላ ወንበር የለም፤ ምንትዋብም የእናቷን ዓይን አይታ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። እግሯ አብጧል። እትዬ ውድነሽ ማታ ማታ ያንን እግር በሞቀ ውኃ ያሹታል። የሚፈልጉት ትንሽ ነገር ነበር፦ ልጃቸው ሳትፈራ የምትቀመጥበት ወንበር።

መጀመሪያ ወንበሩን ራሱን ለመኑት። «አንተ ወንበር፣ እባክህ ጽና፤ ልጄ ቆማ ቀረች» አሉት። ጫን ቢያደርጉት ወንበሩ እግሩን ከፈተ። እግሬን ያሳሳውን ጠይቂ፣ እኔን ምን ታደርጊኛለሽ የሚል ይመስል ነበር። ወንበሩ አልጸናም አለ፤ ምንትዋብም ቆማ ቀረች።

እትዬ ውድነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ፋብሪካው ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሸዋንግዛው ሰው አክባሪ ናቸው፤ ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሏቸው። የተነሡበት ወንበር የቆዳ ነው፤ ለእንግዳ ያቀረቡትም የቆዳ። ሰማያዊ ወንበር በዚያ ቢሮ ውስጥ ለዓይን እንኳ አልነበረም። እትዬ ውድነሽ ይህን ልብ ብለው፣ ወንበሩ አልጸናም አለ፣ ልጄም ቆማ ቀረች፣ እባክዎ እግሩን ያወፍሩልኝ አሉ። አቶ ሸዋንግዛው ከልባቸው አዘኑ። ነገር ግን እኔ ብቻዬን ባወፍር ዋጋዬ ይንርና ቀጭኑን የሚሠራው ሌላው ገበያዬን ይወስደዋል፤ የሸማቾች ቢሮ ሁላችንንም ካዘዘን ግን ደስ እያለኝ አወፍራለሁ አሉ። እስከ በር ድረስም ሸኟቸው። ፋብሪካው አላወፍርም አለ፤ ወንበሩ አልጸናም አለ፤ ምንትዋብም ቆማ ቀረች።

ወደ ቢሮው ሄዱ። እዚያ ሐረገወይን የምትባል፣ ቃሏን መርጣ የምትናገር ባለሙያ ተቀበለቻቸው። «ልጄ፣ ፋብሪካው አላወፍርም አለ፤ ወንበሩ አልጸናም አለ፤ ልጄም ቆማ ቀረች። እባክሽ ፋብሪካውን እዘዢልኝ» አሏት። ሐረገወይን በአንድ ሰው ቃል ፋብሪካ እንደማይታዘዝ በትሕትና አስረዳች። ቢሮው በኢንተርኔት ፔጅ ከፍቶ፣ የምትጠቀሙበት ዕቃ ጉዳት ካደረሰባችሁ ጻፉልን ብሎ ሕዝቡን ጠይቋል። ሕዝቡ የጠቆመው ዕቃ ይመረመራል፤ ያልጠቆመው አይመረመርም። ይህን ብላ የኮምፒውተሯን ፊት ወደ እሳቸው አዞረችው።

ፔጁ ጽሑፍ ሞልቶታል። አንዱ «በርቱ» ብሏል። አንዷ ቀይ ጽጌረዳ ልካለች። ሌላው «ተባረኩ»፣ ከሱ ሥር ያለው «አሜን»፣ ከአሜን ሥር ያለው ደግሞ «ሼር አድርጉት» ብሏል። አንድ ሰው የጠፋች ጊደሬን ያየ ይደውልልኝ ብሎ ስልኩን አስቀምጧል። ስለ ወንበር የተነፈሰ ግን አንድም ሰው የለም። እንደሚያዩት ሕዝቡ ደስተኛ ነው አለች ሐረገወይን፣ እሷም ደስ ሳይላት። እትዬ ውድነሽ ወደ ፔጁ ጎንበስ ብለው ምነው አንድ ቃል ብትናገር ብለው ተማጸኑት። ፔጅ ምን ያድርግ? የጻፉበትን ነው የሚያሳየው። በርቱ አላቸው።

እንግዲህ ፔጁ አልናገርም አለ፤ ቢሮው አላዝም አለ፤ ፋብሪካው አላወፍርም አለ፤ ወንበሩ አልጸናም አለ፤ ምንትዋብም ቆማ ቀረች።

እትዬ ውድነሽ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ። ወይዘሮ ጥሩአየር ዘንድ ገቡ። ወይዘሮ ጥሩአየር ከዚያው ወንበር ወድቀው እጃቸው ወለም ብሎ ነበር፤ ያኔ ለሰው ጾም አዙሮኝ ነው ብለዋል። የወደቁት ግን በፋሲካ ማግስት ነበር። መምህር ልሳነወርቅ ዘንድም ገቡ። እሳቸው ደግሞ ሠርግ ቤት ሲወድቁ ጠመኔ ወድቆብኝ ላነሣ ነው ብለዋል፤ ሠርግ ቤት ጠመኔ ምን ሊሠራ እንደመጣ የጠየቃቸው የለም። ፔጁ አልናገርም አለ፣ ቢሮው አላዝም አለ፣ ፋብሪካው አላወፍርም አለ፣ ወንበሩ አልጸናም አለ፣ ልጄም ቆማ ቀረች፣ ጻፉልኝ እያሉ ቤት ለቤት ዞሩ። ሰፈሩ ሁሉ ወንበሩን በአንድ አፍ ረገመው። መጻፉ ላይ ሲደርስ ግን ይሉኝታ ያዘው። የእድሩን ወንበሮች መርጠው የገዙት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታደገ ናቸው፤ ስንገዛ አጨብጭበን ዛሬ በአደባባይ ብንወቅሳቸው ምን ይሉናል አሉ። እሳቸው ይጀምሩና ያኔ እንጽፋለን ተባለ። ወይዘሮ ጥሩአየር ለማካካሻ ያህል ፔጁ ላይ «በርቱ» ብለው ጻፉ።

ጋሽ ታደገም ቢሆኑ ከመውደቅ አልዳኑም። ለቅሶ ቤት ነበር የወደቁት። ያኔ ተንበርክኬ ልጸልይ ብዬ ነው ስላሉ ድንኳኑ በሙሉ አብሯቸው ተንበረከከ። ከጀመሩ ወዲያ ጸሎት ማሳጠር ነውር ሆነባቸውና ሰው ጉልበቱ እስኪደነዝዝ ድረስ ጸለዩ። እስከ ዛሬም በሰፈሩ ጸሎተኛ ይባላሉ፤ ስሙንም ወደውታል።

«ጋሼ» አሏቸው እትዬ ውድነሽ፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው። «ሰፈሩ አልጽፍም አለ፤ ፔጁ አልናገርም አለ፤ ቢሮው አላዝም አለ፤ ፋብሪካው አላወፍርም አለ፤ ወንበሩ አልጸናም አለ፤ ልጄም ቆማ ቀረች። እርስዎ ይጀምሩልን።»

ጋሽ ታደገ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። እኔስ በጀመርኩ ነበር፣ ነገር ግን ከእኔ በፊት የወደቀ ሰው እያለ ተራ መዝለል አይገባም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና እትዬ ውድነሽን በደንብ አዩአቸው።

«ለመሆኑ ውድነሽ፣ ያ ጉትቻሽ ተገኘ?»

እትዬ ውድነሽ እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደ። ቡናም ሳይቀምሱ፣ ደህና ዋሉም ሳይሉ ወጥተው ሄዱ።

ቤት ሲደርሱ ምንትዋብ ደጅ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ስትጠብቃቸው አገኟት። እናቷ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ዳኛው አልጀምርም አሉ፣ ሰፈሩ አልጽፍም አለ፣ ፔጁ አልናገርም አለ፣ ቢሮው አላዝም አለ፣ ፋብሪካው አላወፍርም አለ፣ ወንበሩ አልጸናም አለ፣ አንቺም ቆመሽ ቀረሽ አሏት። ምንትዋብ ዳኛው ለምን አልጀምርም እንዳሉ ጠየቀች። ያን ጊዜ እትዬ ውድነሽ የሚሸሹበት አጡ። ድግሱን፣ ሳህኑን፣ ተመራቂው ከጠረጴዛ ሥር መግባቱን፣ ሁሉንም ነገሯት። ምንትዋብ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«እማዬ፣ ተጎድተሽ ነበር?»

ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ሁሉም ጉትቻ ሲፈልግ ስለነበር እሳቸውን ልብ ያለ የለም፤ ጉትቻ ፈልጉ ያሉትም ራሳቸው ናቸው። ወገቤን ነው፣ እስካሁንም ስጎነበስ ይይዘኛል አሉና አለቀሱ። ብዙ አላለቀሱም፤ ያን ያህል ጊዜ ደብቀው ላቆዩት ሕመም ግን ተገቢ ነበር።

እንባቸውን ጠርገው የልጃቸውን ስልክ ተቀበሉ። ጣታቸው በልማድ መጀመሪያ «በርቱ» ብሎ ጻፈ። አጠፉት። ከዚያ አንዲት አንዲት ፊደል እየለቀሙ እንዲህ ጻፉ፦ «እኔ የወፍጮ ሰፈሯ ውድነሽ ከሰማያዊው ወንበር ወድቄ ወገቤን ተጎድቻለሁ። የኋላ እግሩ ይከፈታል። ያኔ ጉትቻ አልጠፋኝም።»

ምን ይመስላችኋል? ቡናው ሳይፈላ ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ መጣ። «ታደገ ነኝ። እኔም ያን ቀን እየጸለይኩ አልነበረም። ወንበሮቹን የመረጥኩትም እኔ ነኝ።» ከዚያማ ማን ይያዘው? ወይዘሮ ጥሩአየር ጾም አልነበረም ብለው ጻፉ፤ መምህር ልሳነወርቅም ጠመኔ አልነበረም ብለው ጻፉ። ያ ተመራቂ ሳይቀር፣ ጉትቻዎቹን አይቼ ነበር፣ እትዬን እንዳላሳፍር ብዬ ነው ዝም ያልኩት አለ። ከሌላ ሰፈር፣ ከገበያ፣ ከጤና ጣቢያ ሰው ጎረፈ፤ ለካ ከተማው በሙሉ በየተራ እየወደቀ አንድ ነገር ላነሣ ነው ሲል ኖሯል። ጊደር የጠፋበት ሰውዬ እንኳ እኔም ወድቄያለሁ ካለ በኋላ ነው ስልኩን የደገመው።

ሐረገወይን አነበበች፤ ወንበሮቹን አስመጥታ ጆንያ አሸከመቻቸው፤ እግራቸው ሲከፈት በዓይኗ አየች። በቃ፣ እትዬ ውድነሽ ጀመሩ፤ ዳኛው ተከተሉ፤ ሰፈሩ ጻፈ፤ ፔጁ ተናገረ፤ ቢሮው አዘዘ፤ ፋብሪካው አወፈረ፤ ወንበሩ ጸና። አቶ ሸዋንግዛው ቃላቸውን ጠብቀው አሮጌዎቹን በአዲስ ቀየሩ። እኔም ድሮ አስቤው ነበር ማለታቸውን ሰምተናል፤ እንለፈው።

እርግጥ ቢሮ የራሱ እርምጃ አለው፤ ሕፃን ደግሞ ቢሮ አይጠብቅም። ትእዛዙ ፋብሪካው ከመድረሱ በፊት ምንትዋብ ሴት ልጅ ተገላገለች። ስለዚህ አዲሶቹ ወንበሮች መጀመሪያ የተዘረጉት ለልጅቷ ክርስትና ነው። እንግዳው ሁሉ ወንበሩን በእጁ ጫን ጫን እያደረገ ቆሞ ነበር። ምንትዋብ ልጇን እንደታቀፈች ሄዳ ተቀመጠች። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም። እትዬ ውድነሽ ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ ከጎኗ ተቀመጡና የልጅ ልጃቸውን ተቀበሉ። ሕፃኗ እጇን ሰደደችና የአያቷን ጉትቻ ይዛ ሳበችው።

«ኧረ ጉትቻዬ ወደቀ» አሉ እትዬ ውድነሽ።

ድንኳኑ በሙሉ ብድግ አለ። ጋሽ ታደገ ውኃ ይዘው ደረሱ፤ ወይዘሮ ጥሩአየር የእትዬን ወገብ ያሹ ጀመር፤ መምህር ልሳነወርቅ የወንበሩን የኋላ እግሮች ጎንበስ ብለው መረመሩ። ተጎዳሽ ወይ፣ የቱ ጋ ነው፣ አይዞሽ አትደብቂን ይላሉ። አልወደቅሁም፣ ይኸው ተቀምጫለሁ፣ የእውነት ጉትቻዬ ነው ቢሉ የሚያምናቸው ጠፋ። ጉትቻውን የፈለገ አንድም ሰው አልነበረም።

ጉትቻው በማግስቱ ድንኳኑ ሲፈርስ ተገኘ። እትዬ ውድነሽ ግን ያን ቀን በአንድ ጆሮ ጉትቻ፣ ወገባቸውን እያሳሹ፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ ሲስቁ ዋሉ።

እኔም ተረቴን እዚህ አስቀመጥኩት። እናንተ ተነሡ፤ ስትነሡም ቀስ ብላችሁ።