የፊታውራሪ ጓንጉል የሙከራ ለቅሶ

አንዲት ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ ለቅሶ በተጠራችበት ሁሉ እየዞረች ሰው ታስለቅሳለች። በኋላ ድምፃቸው ያማረ ወጣቶች ተነሡና እንጀራዋን ሊነጥቋት ደረሱ። እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ የሩቅ አገር ሙሾ ተማረች፤ የሟችን ዘር እስከ ሰባት ቤት መቁጠርም አጠናች።

ይህን የሰሙት ፊታውራሪ ጓንጉል አስጠሯት። «ስሞት ሙሾ የምታወርድልኝን ሴት አሁኑኑ መርጬ ላስቀምጥ ብዬ ነው። እስቲ አልቅሽልኝ። ሎሌዎቼን ካላስለቀስሽ ግን ከእንግዲህ በግዛቴ ሙሾ እንዳታወርጂ!» አሉና አልጋ ላይ ተጋድመው ጋቢ ተከናነቡ።

ሴትዮዋ ደረቷን እየደቃች ጀመረች። የሎሌዎቹ ዓይን እንባ ባቀረረ ጊዜ ፊታውራሪው ከጋቢው ውስጥ «ፈረሴን ረሳሽው!» አሉ። ፈረሱን አነሣች። «አንበሳ መግደሌንስ?» አሉ። አንበሳውን ስታነሣ ብድግ ብለው ተቀመጡና «ሁለት ነበሩ!» ብለው ጮኹ። ሎሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ።

ፊታውራሪው ተቆጥተው «አላስለቀስሽም! ሙያሽን ገና አልቻልሽውም» አሏት።

እሷም እጅ ነሥታ፣ «ጌታዬ፣ እኔስ የእኔን ተምሬ መጥቻለሁ፤ መሞቱን ያልቻሉበት እርስዎ ነዎት። እሱን በደንብ ይለማመዱና ያስጠሩኝ። ያኔ ሎሌዎችዎ ካላለቀሱ ተነሥተው ይቆጡኝ» አለቻቸው።