ጠባሳ የተቀባው ጄት

አንድ ጊዜ አንድ አህያ ከሚስቱ ጋር በወንዝ ዳር ይኖር ነበር። ሣሩ ለምለም፣ ውኃው ቅርብ፣ ኑሮው ደህና ነበር። አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ይነሳዋል። ባለፈበት ሁሉ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እያሉ ይተርቱበታል። ሚስቱ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች፤ እሱን ግን ያንገበግበዋል።

በወጣትነቱ ለአንድ የጦር ሰፈር አሸዋ ሲያመላልስ ተዋጊ ጄት አይቶ ነበር። «እሱን የሚመስል ሠርቼ ደጄ ላይ ባቆም የትኛው ጅብ ይደፍረኛል?» አለና ሥራ ጀመረ። አጥንቱን ከቀርከሃ፣ ቆዳውን ከቆርቆሮ፣ የጭስ መውጫውን ሁለቱም ጫፉ ከተነደለ በርሜል አበጀው። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ስድስት አህያ ያህላል። ሦስት ወር ለፍቶ ሲጨርስ ግራጫ ቀለም ቀብቶ እስኪያብለጨልጭ ወለወለው።

ቀበሮ ልታይ መጣች። አንዴ ዞረችውና ሳቋ አመለጣት።

«አያ አህዮ፣ ይሄ ለጦርነት ነው ወይስ ለሠርግ?»

«ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም፤ ችግሩም እሱ ነው። ያልተጫረ ጋሻ ማን ይፈራል? ትንሽ መከራ ይቅመስ እንጂ።»

ከምድጃዋ ጥላሸት አምጥታ የጭስ መውጫውን ዙሪያ በጨርቅ አሸችው። የተቃጠለ ዘይት ክንፉ ላይ አፍስሰው መልሰው ጠረጉት፤ ጥቁሩ በየመጋጠሚያው ብቻ ቀረ። አብራሪ በሚረግጥበት በኩል ቀለሙን በድንጋይ ፋቁት፤ የተፋቀውን በጨው ውኃ እየረጩ ዝገት አስያዙት። በመጨረሻም ቀበሮ ምስማር አንስታ ሰባት ቦታ በሳችው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጅብ ለሃጩን እያዝረበረበ መጣ። ጄቱን ሲያይ ክው ብሎ ቀረ።

«ይ... ይሄ ቀዳዳ የምንድን ነው?»

«የጥይት» አለ አህያ፣ ከጄቱ ኋላ ሆኖ።

«ሰባት ጥይት በልቶ ነው እንዲህ የቆመው?» ጅብ ጭራውን ቆልፎ እግሬ አውጪኝ አለ።

በማግስቱ ወሬው አገር አዳረሰ። ድኩላውም ከርከሮውም ሊጎበኙ መጡ። አህያ በመጀመሪያ «የጥይት ነው» ብቻ ይል ነበር። በሳምንቱ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ አንድ ጦርነት ተገኘለት። በወሩ ደግሞ «ያን ጊዜ እኔ ስበር» ማለት ጀመረ።

ቀበሮ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። «አያ አህዮ፣ ጥላሸቱ ከእኔ ምድጃ እንደመጣ አትርሳ እንጂ።»

«አንቺ ደግሞ ስለ ጦርነት ምን ታውቂያለሽ!» አላት። ከልቡ ነበር የተቆጣው።

ጅብ ግን፣ እንደምታውቁት፣ ከጭንቅላቱ ሆዱ ይበልጣል። ረሃብ ሲጠናበት ፍርሃቱን ረሳውና አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ከወንዙ ማዶ ብቅ አለ። ወደ መንደር የሚወስደው መንገድ ክፍት ነበር፤ ከሮጡ ያመልጣሉ።

«እንሂድ፣ ቶሎ በል!» አለች ሚስት።

«ባለ ጄት ይሮጣል እንዴ? አንቺ ሂጂ፤ እኔ ከላይ ሆኜ እጠብቅሻለሁ።» ይህን ብሎ አብራሪ መቀመጫው ላይ ተሰየመ።

«አንተ ሰው፣ ቀርከሃ እኮ ነው! አብሬህ አይደል እንዴ የቆረጥኩት?»

አልሰማትም። እያለቀሰች ብቻዋን ሸመጠጠች። አህያ በአፉ የሞተር ድምፅ እያሰማ ጄቱን በእግሩ ጎሰመው። «ተነስ!» አለው። ጄቱ ንቅንቅ አላለም። «ተነስ እንጂ! ስንቱን ጦርነት አብረን አሳልፈን ዛሬ ታሳፍረኛለህ?»

ጅብ የሚበላ መስሎት መጀመሪያ ክንፉን ነከሰ። ቆርቆሮው ጥርሱን ሲያመው ወደ መቀመጫው ዞረ። የቀረውን መናገር አያስፈልግም።

በማግስቱ ሚስትና ቀበሮ ሲመጡ ጄቱ እንደቆመ ነው። ሚስት ቀና ብላም አላየችው፤ እሷ የምትፈልገው ባሏን ነበር። ቀበሮ ግን ልማዷ ነውና አንዴ ዞረችው፤ ክንፉ ላይ የጥርስ ምልክት አገኘች።

«ይሄኛውን እኛ አልሠራነውም» አለች ቀስ ብላ። በጄቱ ላይ ከነበረው ጠባሳ ሁሉ በጦርነት የመጣው እሱ ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ሌላውን ለማስፈራራት የቀባነውን ጠባሳ ራሳችን ያመንነው ዕለት፣ መሮጥ ሲገባን ቁጭ ብለን የጅብ ሲሳይ እንደምንሆን ነው።