የጦይብ ፒክአፕ ምን ልትጭን ነው?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ባቲ ከተማ ውስጥ አንዲት ነገር ብቻ የፈለገ ጦይብ የሚባል ሰው ነበር። የፈለገውም ያረጀች ፒክአፑ ከመሬት አራት ጣት ያህል ከፍ እንድትልለት ነው፤ ሌላ ምንም።

ለምን እንደፈለገ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሚስቱ ሰዓዳ ከወንዙ ማዶ፣ እናቷ ዘንድ ነበረች፤ መውለጃዋ ተቃርቧል። የመጀመሪያው ፅንስ ስለጨነገፈ፣ የአሁኑን የሰው አፍ እንዳያገኘው ብለው አፍነው ይዘውታል። ጦይብ ዝናቡ ሳይጥል አምጥቶ ከተማው ጤና ጣቢያ አጠገብ ሊያስቀምጣት አስቧል። ወንዙ ገና ደረቅ ነው፤ ግን መሻገሪያው ላይ፣ መሀል ለመሀል፣ አንድ ድንጋይ አለ። ዞሮ እንዳያልፈው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጎማ የሚውጥ አሸዋ ነው። ባለፈው ሲሞክር የፒክአፗ ሆድ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፤ በስንት መከራ ተገፍታ ወጣች።

ስለዚህ ወደ መካኒኩ ወደ ኑርዬ ሄደ።

«ኑርዬ፣ ይቺን መኪና ከፍ አድርግልኝ።»

ኑርዬ ከሥሯ ገብቶ ባሌስትራዋን፣ ሸክሟን የሚችለውን ድርብርብ ብረት፣ አየና ወጣ። «ትልቅ ጎማ ባስርላት ስትታጠፍ ይፈትጋታል። ከባሌስትራው ጋር የብረት ታኮ ብሸጉጥላት መጥፎ መንገድ ላይ ይንሸራተታል። የሚሻለው ከፊትም ከኋላም አንድ አንድ ባሌስትራ መደረብ ነው። ለመሆኑ ምን ልትጭን ነው?»

«በቆሎ» አለ ጦይብ ቶሎ ብሎ።

ኑርዬ ዓይኑን አጠበበ። ለበቆሎ ብሎ መኪና ከፍ የሚያደርግ ሰው አይቶ አያውቅም። «ባሌስትራውን ከጋሽ ኢብሬ አምጣ፤ ያለሱ አልነካትም።»

ጦይብም ዓይኑን አጠበበ። ‘ከኢብሬ ጋር ተማክሮ ነው’ አለ በሆዱ።

ኑርዬ ፒክአፗን አላነሳም አለ፤ ፒክአፗ ድንጋዩን አላልፍም አለች፤ ሰዓዳም ከማዶ ቀረች።

ጋሽ ኢብሬ ያገለገሉ የመኪና ዕቃዎች ይሸጣሉ። በተቆለለው ብረት መሀል በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ባሌስትራማ ሞልቷል፤ ወፍራምም ቀጭንም አለ» አሉት። «ግን በአሮጌ ቡሎን አስረኸው ሲበጠስ ‘የኢብሬ ዕቃ ነው’ ልትል? መጀመሪያ አዲስ፣ ረጅም ቡሎን አስቆርጠህ አሳየኝ። ደግሞስ ምን ልትጭን ነው?»

«ጨው ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ኢብሬ ሳቁ። ሳቃቸው ጦይብን አልጣመውም። ዞር ሲል ደግሞ ስልካቸውን ሲያነሱ አያቸው።

ኢብሬ ባሌስትራውን አልሰጥም አሉ፤ ኑርዬ ያለ ባሌስትራ ፒክአፗን አላነሳም አለ፤ ፒክአፗ ድንጋዩን አላልፍም አለች፤ ሰዓዳም ከማዶ ቀረች።

ቡሎን የምትቆርጠው ላቀች ናት፤ የቶርኖ ቤቱ ባለቤት። ማሽኑን ሳታጠፋ ጮክ ብላ አነጋገረችው።

«ቡሎኑ የሚቆረጠው በባሌስትራው ውፍረት ነው፤ ውፍረቱ ደግሞ በጭነቱ። ምን ልትጭን ነው?»

«ሲሚንቶ!»

ማሽኑን አጠፋችው። «ወደ ማዶ? እዚያ ማነው ፎቅ የሚሠራው? ስማኝ ጦይብ፣ እኔ በቆረጥኩት ቡሎን ኮንትሮባንድ አይጫንም። ባለሚዛኑ ሸህ ሙሄ ጭነትህን መዝነው ይህን ያህል ነው ካሉኝ እቆርጣለሁ።»

ጦይብ ፊቱ ጋለ። ‘ሰድበውም፣ አመላልሰውም ገንዘቤን ሊበሉኝ ነው፤ ሁሉም አንድ ናቸው’ እያለ ወጣ።

ላቀች ቡሎኑን አልቆርጥም አለች፤ ኢብሬ ያለ ቡሎን ባሌስትራውን አልሰጥም አሉ፤ ኑርዬ ያለ ባሌስትራ ፒክአፗን አላነሳም አለ፤ ፒክአፗ ድንጋዩን አላልፍም አለች፤ ሰዓዳም ከማዶ ቀረች።

ሸህ ሙሄ እህል በረንዳው ላይ ሚዛናቸው አጠገብ ቆመዋል። ጦይብ ገና ሰላም ሳይላቸው ጀመሩት።

«ልጄ፣ ለኑርዬ በቆሎ አልከው። ለኢብሬ ጨው። ለላቀች ሲሚንቶ። ለኔስ ምን አዘጋጀህልኝ?»

‘አላልኩም? ተማክረውብኛል!’ ጦይብ መለስ ብሎ ሊሄድ ነበር። ከደጋው በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሮ አየ። ዛሬ እዚያ ከዘነበ ነገ ወንዙ ይሞላል።

«የምጭነው ሰው ነው» አለ።

ሸሁ ፊታቸው ተለወጠ። «ሰው? የድሃ ልጆች ሰብስበህ በበረሃ ልታሻግር? አላህን አትፈራም? አልመዝንልህም፤ ሂድ ከፊቴ!»

ሸህ ሙሄ ጭነቱን አልመዝንም አሉ፤ ላቀች ሳይመዘን ቡሎኑን አልቆርጥም አለች፤ ኢብሬ ያለ ቡሎን ባሌስትራውን አልሰጥም አሉ፤ ኑርዬ ያለ ባሌስትራ ፒክአፗን አላነሳም አለ፤ ፒክአፗ ድንጋዩን አላልፍም አለች፤ ሰዓዳም ከማዶ ልትቀር ነው።

«ሚስቴን ነው!» አለ ጦይብ። «ሰዓዳን ነው የምጭነው፣ ሸህዬ። ልትወልድ ነው። ያኛው ጨንግፎብን ስለነበር፣ ይህን እንዳናወራ ፈርተን ነው።»

ሸሁ ሚዛናቸውን ትተው ጠጋ አሉት። ከዚያ ትከሻውን ያዙት። «አንተ ሞኝ! ለሲሚንቶ ብለው ወፍራሙን ቢደርቡልህ ኖሮስ? ሸክም የሌለባት መኪና በወፍራም ባሌስትራ እንዴት እንደምትዘል አታውቅም? ነፍሰ ጡር ይዘህ!»

 ይህ አንድም ቀን በጦይብ ሐሳብ መጥቶ አያውቅም። ለካ ሲጠይቁት የነበረው ነገር መልስ የሚያስፈልገው ኖሯል።

ሸህ ሙሄ «ይሄ ሚዛን አይፈልግም» ብለው ለላቀች ደወሉ፤ ላቀች ለቀጭን ባሌስትራ የሚሆን ቡሎን ቆረጠች፤ ኢብሬ ቡሎኑን አይተው ቀጫጭኑን ባሌስትራ መርጠው ሰጡ፤ ኑርዬ ፒክአፗን በክሪክ አንስቶ ባሌስትራውን ደረበ፤ ፒክአፗ አራት ጣት ከፍ አለች፤ ድንጋዩም ሆዷን ሳይነካ በሥሯ አለፈ፤ ጦይብ ከማዶ ደረሰ።

ሰዓዳ ከደጃፉ ወጥታ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ይሄን ማን ይወጣዋል?»

ጦይብ ተንበረከከና ጭኑን አመቻቸላት። ረግጣው ወጣች። ከተቀመጠች በኋላ ግን በጥርጣሬ አየችው።

«ለሰው ነገርክ እንዴ?»

«ለሸህ ሙሄ ብቻ።»

«ሸህ ሙሄስ?»

«ለላቀች።»

«ላቀችስ?»

«ለጋሽ ኢብሬ።»

«ጋሽ ኢብሬስ?»

«ለኑርዬ።»

«ኑርዬስ?»

ጦይብ መሪውን ጨበጠ። «ለባቲ በሙሉ። የኑርዬ እናትማ ለአራስ ገንፎሽ እህል እያስፈጨች ነው።»

 ሰዓዳ ሆዷን የደበቀችበትን ሰፊ ሻርፕ ከላይዋ ገፈፈችና ጭኗ ላይ አጣጠፈችው።

«እንግዲያው ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው። «ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ንገረኝ፤ ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

ነገራት፤ ጨፈነች። ስትገልጥ ድንጋዩ ከኋላቸው ነበር።